ካፌው ሲዘጋ ቡሌም ቀረ

እናንተዬ! ስድስት ኪሎን ያለ ተማሪ አይታችኋት ታውቃላችሁ? እኔ አይቻታለሁ። ዛሬ ከአራት ኪሎ ሽቅብ ወጥታችሁ የየካቲት 12 ሐውልት ጋ ስትደርሱ የሚቀበላችሁ ግፊያ፣ የታክሲ ረዳት ጩኸትና የሽሮ ሽታ ነው። በ2012 ዓ.ም. ግን መጋቢት 4 ቀን የመጀመሪያው የኮሮና በሽተኛ መገኘቱ ተነገረ፤ መጋቢት 7 ትምህርት ቤት ይዘጋ ተባለ፤ በዚያው ወር የዩኒቨርሲቲ ተማሪውም ሻንጣውን እየጎተተ ወደየአገሩ ሄደ። አደባባዩ ላይ የቀረነው የአንበሳ ግቢ አንበሶች፣ ዘበኞችና እኔ ብቻ መሰልን።

እኔ የግቢው ተማሪ አልነበርኩም። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ነጥብ አልመጣልኝም። ሳይደግስ አይጣላም እንዲሉ፣ እዚያው በር ላይ የተማሪ አሳይንመንት የምታትም አንዲት ጠባብ ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጠርኩ። ስለዚህ ተማሪ ሲበላም ሲጥልም በመስኮት አይቻለሁ። ተማሪ ሁለት ዓይነት ነው፤ ካፌና ነን ካፌ። ካፌው ተሰልፎ የግቢውን ይበላል፤ ነን ካፌው ብሩን ተቀብሎ ውጪ ማዘር ቤት በያይነት ወይም እንቁላል ፍርፍር ያዛል። ብዙዎቹ ግን አንድ ጠባይ ነበራቸው፤ ግማሹን ትቶ መነሳት! ሃይላንዱ አጥር ሥር፣ ፌስታሉ ነፋስ ወደወሰደው። የተረፈው ቡሌ ይሆንና የጎዳና ልጆች ይሻሙበታል። ቡሌን የማታውቁ ካላችሁ፣ ሽሮው ከሩዙ፣ ፓስታው ከእንጀራው የተደባለቀ የብዙ ሰው ትራፊ ነው። አትጠየፉ፤ በልቼ አውቃለሁ።

ታዲያ ካፌው ሲዘጋ ቡሌም ቀረ። የኔም እንጀራ ቀረ፤ ተማሪ ከሌለ ማን ያሳትማል? አሠሪዬ «ነገሩ እስኪረጋጋ» ብለው አሰናበቱኝ። ቤት ኪራዩ ግን አልተረጋጋም። በዚህ መሃል አንድ ነን ካፌ ደንበኛዬ፣ ቤተሰቡ ሩቅ የሆነበት ተመራቂ፣ «አንድ ክፍል እንጋራ» አለኝና አፍንጮ በር ውስጥ ለውስጥ ገባን።

አገሩ ድርግም ብሎ አልተዘጋም። መጋቢት 30 የታወጀው የአምስት ወር የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብን ከለከለ፤ ታክሲም በግማሽ ጭኖ ሂሳቡ እጥፍ ሆነ እንጂ በራችሁን ቆልፉ ያለን የለም። ቤት ያስቀመጠን ኪሳችን ነው።

ልጁ መጀመሪያ ላይ ስልኩን አቅፎ ያድርና ቀን ዘጠኝ ሰዓት ይነሳል። ቁርስ የለ፣ ምሳ የለ፤ ብስኩትና ለስላሳ ብቻ። ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ራበኝ ይላል! ከቤት የተላከለትን በሶና ዳቦ ቆሎ በአራት ቀን ድምጥማጡን አጠፋው። (ምክር ከፈለጋችሁ በሶን ጠዋት በጥብጡት፤ ሌሊት ከበላችሁት ውሃ ስትጠጡ ማደራችሁ ነው።) በኋላ ሽንኩርት ሳያሳርሩ ማቁላላት ተማርን። አንድ እንጀራ ለሁለት፣ የዛሬው ትርፍ ለነገ ፍርፍር፣ የሰነበተው ድርቆሽ። ፌስታል እንኳ እየታጠበ ገመድ ላይ ይሰጣ ጀመር። አካባቢ እንጠብቅ ብለን እንዳይመስላችሁ፤ ችግር ነው።

ያን ሰሞን አትክልት ተራ መጨናነቁ ስላስፈራ ገበያው ከፒያሳ ተነስቶ ወደ ጃን ሜዳ መጣ። የጥምቀቱ ሜዳ ቲማቲም በቲማቲም ሆነ! ክረምቱ ሲገባማ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት፣ የበሰበሰ ጎመንና ሽንኩርት ሽታው ከሩቅ የሚቀበል። ለኛ ግን ሠርግና ምላሽ ነበር። ሲመሽ ነጋዴው የተነካካውን ቲማቲም በርካሽ ይለቀዋል፤ የባሰበትንም ይደፋዋል።

ሰኔ ላይ አንድ ማታ ጎንበስ ብለን ከተደፋው ላይ ደህና ደህናውን ስንለይ፣ አሥር ዓመት የማይሞላው ልጅ ፌስታል ይዞ አጠገባችን ይለቅማል። ቀና ብሎ ወዳጄን አየው።

«አንተ የማዘር ቤቱ አይደለህ? ግማሽ የምትተወው?»

ወዳጄ ክው አለ።

«የት ጠፋህ? ያንተ ሳህን ጥሩ ነበር እኮ!»

ልጁ ለነገር አልነበረም፤ እንደ ደንበኛ ነው የጠየቀው። ወዳጄ መልስ አጣ። ቤት ገብተንም አልተናገረም። በማግስቱ ሽሮውን አበዛ፣ ሌላ እንጀራ ገዛ፣ በታጠበው ፌስታል ቋጥሮ ወሰደለት። ከዚያ ወዲያ ማታ ማታ የምናበስለው ለሦስት ሰው ሆነ። እኔ ተቆጣሁ፤ ዱቄቱ ያልቃላ! «ቡሌ አብሳይ ልታደርገኝ ነው?» ብዬ ሁለት ቀን አኩርፌዋለሁ። እሱ ግን የራሱን ድርሻ ቆርሶ መውሰዱን አልተወም። ይህን ስጽፍ ያሳፍረኛል።

በ2013 የመጀመሪያ ወራት ተመራቂዎች ቀድመው ተጠሩ፤ እኔም ወደ ማሽኔ ተመለስኩ። ገበያው ወደ ኃይሌ ጋርመንት ሄደ፤ ጃን ሜዳም በስንት መከራ ተጠርጎ ለጥር 11 ደረሰ። ወዳጄ ተመርቆ ወደ አገሩ እስኪገባ ድረስ ማዘር ቤት ያዝ የነበረው ሙሉ በያይነት ነው። እንደ ድሮው ግማሹን ይተዋል፤ ግን እጁን ሳያስገባበት ከፍሎ ቀድሞ ያስቋጥረዋል። ልጁ በር ላይ ቆሞ «ቃሪያ ጨምሪበት በላት!» እያለ ሲጮህ እኛ ፎቶ ኮፒ ቤት ድረስ ይሰማ ነበር።