ለሬዲዮ የቱ ድንጋይ ይሻላል?

ሱቅ ሄዳችሁ «የሬዲዮ ድንጋይ ስጠኝ» ስትሉ ባለሱቁ የሚጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው፤ «ትልቁን ነው ትንሹን?» ከዚያ ወደ ዋጋው ይታለፋል። በቀን ስንት ሰዓት እንደምታዳምጡ፣ ድምፁንም እስከ የት እንደምትከፍቱት እሱም አይጠይቅም፣ እናንተም አትነግሩትም። እኔ ግን ድንጋይ መመረጥ ያለበት በዚህ ነው ባይ ነኝ። አንድ ዓይነት ሬዲዮ ያላቸው ሁለት ጎረቤታሞች የተለያየ ድንጋይ ሊያስፈልጋቸው ይችላል።

ከርካሹ ልጀምር። በየኪዮስኩ የሚሸጠው ተራ ድንጋይ ዚንክ ካርቦን ነው። ፈረንሳዊው ዦርዥ ለክላንሼ እ.ኤ.አ. በ1866 ከሠራው ባትሪ የመጣ ነው፤ ያኔ ፈሳሽ ነበረው፣ ደረቁ የመጣው ከ20 ዓመት በኋላ ነው። ዛሬ ይህን ድንጋይ የማይንቅ የለም። እኔ አልንቀውም፤ ምክንያቱም ሲያርፍ ያገግማል። ሬዲዮው ሲሠራ ውስጡ ያለው ኬሚካል ፍጥነቱን መከተል ያቅተውና ቮልቱ ይወርዳል፤ ዘግታችሁ ስታሳድሩት ውስጡ ተስተካክሎ በማግስቱ ሻል ብሎ ይነሳል። እንግዲህ ምሽት 1 ሰዓት ላይ ዶይቼ ቬለን ሰምቶ፣ ዜናው ሲያልቅ ጥርቅም አድርጎ ለሚዘጋ ሰው ከዚህ የተሻለ የሚስማማ ነገር የለም። ሒሳቡን እንየው። መጠነኛ ሬዲዮ በዝቅተኛ ድምፅ 50 ሚሊአምፒር ያህል ይስባል እንበል። ትልቁ ተራ ድንጋይ በእንዲህ ዓይነት ቀስታ 6,000 ሚሊአምፒር ሰዓት አካባቢ ይሰጣል። 120 ሰዓት ማለት ነው፤ በቀን አንድ ሰዓት ለሚያዳምጥ አራት ወር።

ድንጋይ ሲደክም ፀሐይ ላይ ማስጣት ከድሮም የነበረ ዘዴ ነው። ሞኝነት የሚመስለው ካለ ተሳስቷል። ሙቀት የኬሚካሉን ሥራ ያፋጥናል፣ ማረፉም በራሱ ያግዛል፤ ለአንድ ዜና የሚሆን ትንፋሽ ይገኝበታል። አዲስ ኃይል ግን አይጨምርም፤ የቀረችውን ጠብታ ማሟጠጥ ነው። በጥርስ መንከሱና መቀጥቀጡ ደግሞ ውስጡን ስለሚያጠጋጋው ለጊዜው ይሠራል፣ ዋጋው ግን ከባድ ነው። የዚህ ድንጋይ ቆርቆሮ ሽፋን ብቻ አይደለም፤ ራሱ ዚንኩ ነው፣ ኃይል በሰጠ ቁጥር እየተበላ የሚሳሳው እሱ ነው። የሳሳውን ስትነክሱት ይበሳል፤ ያ ፈሳሽ አፍ ውስጥም ሬዲዮ ውስጥም ቢገባ አይበጅም። (ያለቀውን ሰብረን ጥቁሩን ዱቄት ለሰሌዳ ማጥቆሪያ ያዋልን ተማሪዎች እጃችንን ስንት ቀን እንደፈተግን ይታወሰን ይሆናል።)

አልካላይን ሌላ ፍጡር ነው። ትልቁ ከ12,000 ሚሊአምፒር ሰዓት በላይ ይይዛል፤ ዋናው ብልጫው የሚታየው ግን ጭነት ሲበዛ ነው። ቀኑን ሙሉ ሱቅ በር ላይ የሚጮኽ፣ ፍላሽና ሚሞሪ የሚያጫውት ሬዲዮ በመቶዎች የሚቆጠር ሚሊአምፒር ይስባል። እዚያ ላይ ተራ ድንጋይ ብታስገቡ ማረፊያ ስለማያገኝ የያዘውን ግማሹን እንኳ ሳይሰጥ ይወድቃል። ዘፈኑ ከፍ ሲል ድምፁ የሚሰነጠቀው ለዚህ ነው። በዋጋ ብቻ ያነጻጸረ ሰው እዚህ ጋ ይከስራል።

ስትገዙ ጽሑፉን አንብቡ። ከቁጥሩ በፊት «አር» ብቻ ካለ ተራው ነው፤ «ኤል አር» ካለ አልካላይን፤ «ኤች አር» ካለ ቻርጅ የሚደረገው የኒኬል ዓይነት። በትልቁ የተጻፈው «ሄቪ ዲዩቲ» አያሞኛችሁ፤ እሱም የዚንክ ድንጋይ እንጂ አልካላይን አይደለም።

አልካላይን አያፈስም የሚባለውም ሐሰት ነው። ያፈሳል፣ በተለይ አልቆ ሬዲዮ ውስጥ ሲረሳ። ሞላው ላይ የሚጋገረው ነጭ ነገር የዚያ ውጤት ነው። በጥጥ አቼቶ ወይም ሎሚ ነክራችሁ ብትጠርጉት ይለቃል፤ ከዚያ በደንብ ማድረቅ።

ስለ ኒኬሉ ብዙ ሰው የሚፈራው 1.2 ቮልት መሆኑን ነው። አራት ሲደረደር 4.8 ይሆናል፣ ሬዲዮው ግን 6 ይላል። አያስፈራም፤ አልካላይኑም ዕድሜው ሲጋመስ እዚያው አካባቢ ነው። ችግሩ ተራው ኒኬል ቁጭ ብሎም ኃይሉን ማጣቱ ነው፤ በወር አንድ አምስተኛውን ወይም ከዚያ በላይ ያጣል። ስለዚህ በየቀኑ ለሚያዳምጥ እንጂ ለክፉ ቀን ብሎ ቁም ሣጥን ውስጥ ለሚያስቀምጥ አይሆንም። ለክፉ ቀን ከሆነ አልካላይኑን ከነማሸጊያው ከሬዲዮው ጎን አስቀምጡት፤ ውስጡ አታስገቡት።

አሁን ገበያውን የያዙት ትንንሾቹ ሬዲዮዎች ድሮ በኖኪያ ስልክ የምናውቀውን ቢኤል 5ሲ ባትሪ ወይም 18650 የሚባለውን ክብ ሊቲየም ይዘው ነው የሚመጡት። ባትሪው ላይ 9,900 ሚሊአምፒር ሰዓት ተጽፎ ካያችሁ ሳቁና እለፉ፤ ጥሩው 18650 እንኳ 3,500 አካባቢ ነው የሚይዘው። ሌላው አዲስ ነገር ጎኑ ላይ የዩኤስቢ ቀዳዳ ያለው፣ እንደ ትንሹ ድንጋይ 1.5 ቮልት የሚሰጥ ሊቲየም ነው። ለአሻንጉሊት ግሩም ነው። ለአጭር ሞገድ ግን አልመክረውም፤ ቮልቱን የሚያወርደው ውስጡ ያለ ዑደት ራሱ የሬዲዮ ጫጫታ ይፈጥራል፣ ደካማ ጣቢያ በዚያ ውስጥ ይሰምጣል። በስልክ ቻርጀር ስታዳምጡም የሚሰማው ጫጫታ መነሻው ተመሳሳይ ነው። ኤፍኤም ብቻ ለሚሰማ ብዙም አይታወቀውም።

ውጭ ሆናችሁ «ለአባቴ ሬዲዮ ልልክ ነው፣ ምን ዓይነት ልግዛ?» የምትሉኝ አላችሁ። መብራት ሳምንት የሚጠፋበት ቦታ ካሉ በስክሪን አትማረኩ። ትልቁን ድንጋይ የሚጎርስ፣ ጣቢያ በእጅ የሚዞርበት ይሁን። ዲጂታሉ ቮልቱ ከወሰኑ ሲወርድ ድርግም ይላል፤ በእጅ የሚዞረው ግን ድምፁ እየቀነሰ ያስጠነቅቃቸዋል፣ እስከ ገበያ ቀን ይጠብቃቸዋል። ድንጋይ ሲቀየር ደግሞ ሁሉም በአንዴ ይቀየር በሏቸው። ቁጠባ እየመሰላቸው ሦስት አሮጌ ላይ አንድ አዲስ ሲጨምሩ፣ ከሁሉ የደከመው ቀድሞ ባዶ ይሆንና በሌሎቹ ኃይል ወደ ኋላ ይገፋል፤ አፍስሶ ሞላውን የሚበላውም እሱ ነው።