ዳሊን በድራማው ዓይን አይፈልጓት

ቤትዎ ውስጥ የቻይና የፍቅር ድራማ የሚከታተል ሰው ካለ ምልክቶቹን ያውቋቸዋል። «አንድ ክፍል ብቻ» ተብሎ የተጀመረው እኩለ ሌሊት ላይ አራተኛው ክፍል ይደርሳል። በነጋታው ስለ ሻይ፣ ስለ እንጨት ቤት፣ ስለ ሐይቅ ይወራል። ከዚያ አንድ ቀን እራት ላይ «ለምን እዚያ አንሄድም?» የሚል ጥያቄ ይመጣል።

ይህን ጥያቄ ካስነሱት ድራማዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በጥር 2023 መታየት የጀመረው ባለ 40 ክፍል ተከታታይ ነው። በእንግሊዝኛ «ሚት ዩርሰልፍ» ይባላል። የቻይንኛ ስሙ በአማርኛ «ነፋስ ወዳለበት ስፍራ መሄድ» እንደማለት ነው። ነፋስ ያለባት ስፍራ ዳሊ ናት፤ በደቡብ ምዕራብ ቻይና፣ በዩናን ክፍለ ሀገር፣ በተራራና በሐይቅ መካከል የምትገኝ ጥንታዊ ከተማ። ድራማውን ወድደው ቦታውን ለማየት የሚያስቡ ከሆነ፣ ትኬት ከመቁረጥዎ በፊት ይህን ያንብቡ። ድራማው ሊያሳዝንዎ ይችላል። ዳሊ ግን አታሳዝንም፣ የሌላትን ካልጠየቋት።

ጥሩ ተጀምሮ ነበር

ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ሹ ሆንግዶው ቤጂንግ ውስጥ ባለ አምስት ኮከብ ሆቴል ትሠራለች። ሥራዋ ፋታ አይሰጣትም። የልብ ጓደኛዋ በቆሽት ካንሰር ትሞትባታለች። ሆንግዶው ሥራዋን ለቅቃ ዳሊ አካባቢ ባለች አንዲት መንደር ለሦስት ወር ክፍል ትከራያለች። በ2020 በወጣው የዲዝኒ «ሙላን» ፊልም የምናውቃት ሊዩ ዪፌይ ናት የምትጫወታት።

የመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ለስላሳና እውነተኛ ናቸው። ሆንግዶው ትተኛለች፣ ትበላለች፣ ግቢው ውስጥ ቁጭ ትላለች። ጓደኛ የቀበረ ሰው ይህን ዝምታ ያውቀዋል። «ነገ እደውልላታለሁ» ሲሉ ቀኑ ያለፈባቸው ሁሉ ራሳቸውን ያዩበታል። ብዙ ተመልካች ከድራማው ጋር የተጣበቀው በፍቅሩ ሳይሆን እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ከዚያ ሺዬ ጅያኦ ይመጣል። ቤጂንግ የነበረውን ጥሩ ደመወዝ ያለው የፋይናንስ ሥራ ትቶ መንደሩን ሊያለማ የተመለሰ ወጣት ነው። መልከ መልካም፣ ትሑት፣ ሁሉን የሚረዳ። ተዋናዩ ሊ ሺየን ሥራውን አላበላሸም። ፍቅር መምጣቱም ቅር አያሰኝም፤ የፍቅር ድራማ ነውና። ቅር የሚያሰኘው ፍቅሩ የኀዘኑ መድኃኒት ሆኖ መቅረቡ ነው። ክፍሎቹ በገፉ ቁጥር የሟቿ ጓደኛ ጥላ እየሳሳ ይሄዳል። መንደርተኛው ቢጣላም ጸቡ ቶሎ ይበርዳል፤ ችግር ቢገጥም መፍትሔው ሩቅ አይደለም። ተራራው፣ አበባውና አንድ ደግ ወንድ የቀረውን ይጨርሱታል።

እርስዎ ግን ኀዘን እንዲህ እንደማይሄድ ያውቃሉ። በእኛ ዘንድ ኀዘን ለቅሶ ደራሽ አለው፣ አርባ አለው፣ ሙት ዓመት አለው። ሰው የሚጽናናው ቦታ ስለለወጠ ብቻ አይደለም፤ ሌሎች ቀን ቆጥረው ስለሚመጡለት ጭምር ነው። ድራማው ይህን ጀምሮ ነበር። መንደርተኛው ለማያውቃት ልጅ ምግብ ሲያካፍላትና አጠገቧ ሲቀመጥ አይተናል። ወደ መጨረሻው ግን ያ ሁሉ ሰው ለሁለቱ ፍቅር አጃቢ ሆኖ ቀረ።

መጨረሻውን አልነግርዎትም። ወደ ቦታው እንሂድ።

የሌለችው መንደር

በመጀመሪያ ማወቅ ያለብዎ፣ ሆንግዶው ያረፈችባት «ዩንሚያኦ» የምትባል መንደር የለችም። ቀራጮቹ ከተለያዩ ቦታዎች ቀጣጥለው የፈጠሯት ናት። የታወቀው ግቢ የሚገኘው ከዳሊ አሮጌ ከተማ በስተደቡብ፣ በተራራው ግርጌ ባለችው ፈንግያንግዪ መንደር ነው። ሌሎች ትዕይንቶች ሺጆው በምትባለው የነጋዴዎች ከተማና ሻሺ በምትባለው ጥንታዊ የገበያ ከተማ ተቀርጸዋል። ሻሺ ከዳሊ ወደ ሰሜን ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ስለዚህ ልጆችዎ «ያቺን መንደር አሳዩን» ቢሉዎ፣ አንድ ቦታ ቆመው ሊያሳዩዋቸው አይችሉም።

ሁለተኛው ነገር ሕዝቡ ነው። ድራማው የወጣው ቻይና ለሦስት ዓመት ያህል ያጠበቀችውን የኮሮና ገደብ ባነሳችበት ሰሞን ነበር። በዚያው ወር የቻይና አዲስ ዓመት ዋለ። ቤት ተዘግቶበት የከረመው ሕዝብ ነፋስ ያለበት ስፍራ ሲያይ ሻንጣውን አንሥቶ ወጣ። ጸጥታ ፍለጋ የሄዱት መንገደኞች ያገኙት ጸጥታ ፈልጎ የመጣ ሌላ ሕዝብ ነበር። በትልልቅ በዓላት ዛሬም ያው ነው። በር ላይ ተቀምጦ ማሰብ ቀርቶ፣ በሩ አጠገብ ፎቶ ለመነሣትም ተራ መጠበቅ አለ።

ለዳሊ ግን ይህ አዲስ አይደለም። በ1959 «አምስቱ የወርቅ አበቦች» የተሰኘ ፊልም እዚሁ ተሠርቶ ነበር። አንድ ወጣት በገበያ በዓል ላይ ያያትን ልጅ ስሟን ይዞ ሲፈልግ፣ በዚያው ስም የሚጠሩ ሌሎች ልጃገረዶችን እያገኘ የሚሳሳትበት ታሪክ ነው። የቢራቢሮ ምንጭ የሚባለውን ቦታ በመላው ቻይና ያሳወቀው እሱ ነው። ከተማዋ በፍቅር ታሪክ ስትሸጥ ከ60 ዓመት በላይ ሆኗታል። ተመልካች ይመጣል፣ ይሄዳል፤ ነዋሪው ሥራው ላይ ነው።

የሐይቁ ዋጋ

ዳሊ የባይ ብሔረሰብ አገር ናት። በቻይና ያለው የባይ ሕዝብ 2 ሚሊዮን ያህል ሲሆን የራሱ ቋንቋ አለው። በድራማው ዋናዎቹ ገጸ ባሕርያት የሚያወሩት በመንደሪን ነው። እርስዎ ገበያ ሲገቡ ግን ሴቶቹ በባይኛ ሲከራከሩ ይሰማሉ። ከ8ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የናንጃኦ፣ ከ937 እስከ 1253 ደግሞ የዳሊ መንግሥት ማዕከል የነበረችው ይህችው አካባቢ ናት። ሞንጎሎች እስኪይዟት ድረስ የራሷ ንጉሥ ነበራት።

ከምዕራብ የጻንግሻን ተራሮች ይቆማሉ፤ ከፍተኛው ጫፍ ከ4,100 ሜትር ይበልጣል። ከምሥራቅ ኤርሃይ ሐይቅ ተዘርግቷል፤ ስፋቱ 250 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በመካከል ያለው ሜዳ ከፍታው 2,000 ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ለአዲስ አበባ ሰው አየሩ እንግዳ አይሆንም። ነፋሱም እውነት ነው። በተለይ በክረምታቸውና በጸደያቸው ከደቡብ፣ ከሺያጓን በኩል በተራራው ክፍተት እየገባ ኮፍያ ይነጥቃል።

ሁለቱ ተዋንያን በሐይቁ ዳር ሲሄዱ ያዩት ንጹሕ ውኃ ግን ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። ኤርሃይ በ1996፣ በ2003 እና በ2013 አልጌ ወርሮት ታምሟል። በ2017 በሐይቁ ዳር በጥበቃ ክልል ውስጥ የነበሩ የእንግዳ ማረፊያዎችና ምግብ ቤቶች እንዲዘጉ ታዘዘ። በተከታዩ ዓመት ብዙ ማዳበሪያ የሚፈልገውን ነጭ ሽንኩርት በሐይቁ ዙሪያ መትከል ተከለከለ፤ ለገበሬው ጥሩ ገንዘብ የሚያመጣ ሰብል ነበር። ከ1,800 በላይ ቤተሰቦች ከዳርቻው ተነሡ። በሐይቁ ዙሪያ 129 ኪሎ ሜትር የሚሆን የእግረኛና የብስክሌት መንገድ ተሠራ። «ሥነ ምህዳራዊ ኮሪደር» ይሉታል።

ዛሬ ብስክሌት ተከራይተው ከልጆችዎ ጋር በዚያ መንገድ ሲሄዱ ያማረ ነው። ውኃው ጠርቷል፣ ወፎቹ ተመልሰዋል። ማረፊያውን የዘጋው ሰው፣ ነጭ ሽንኩርቱን የተወው ገበሬ፣ ከአያቶቹ ቤት የተነሣው ቤተሰብም የዚያ ውበት ባለቤቶች ናቸው። ድራማው ስለ ገጠር ልማት አርባ ክፍል ሙሉ ሲያወራ ለእነዚህ ሰዎች ታሪክ ሰፊ ቦታ ቢሰጥ ኖሮ፣ ከማንኛውም የፍቅር ታሪክ በላይ ልብ ይሰቅል ነበር።

በእጅ የሚሠራው

ሺጆው ሲደርሱ ባባ የሚባለውን ቂጣ ይብሉ። ከላይም ከታችም ፍም ተደርጎ ነው የሚጋገረው፤ እሳት ከላይና ከታች አድርጎ ድፎ ዳቦ ሲጋገር ያየ ሰው ወዲያው ይገባዋል። ጣፋጭና ጨው ያለው ዓይነት አለው። ጨው ያለው ውስጥ የአሳማ ሥጋ ስለሚገባ ጠይቀው ይግዙ።

ቀጥሎ ሩሻን አለ። ወተት በኮምጣጣ ፈሳሽ ረግቶ፣ እንደ ጨርቅ ተስቦ፣ በቀርከሃ ላይ ተጠቅልሎ የሚደርቅ አይብ ነው። ከሰል ላይ ሞቅ ተደርጎ የጽጌረዳ ማርማላታ ይቀባል። አይብ የሚወዱ ልጆች ሁለተኛ ይጠይቃሉ።

ጆውቸንግ መንደር ደግሞ ሴቶች ነጭ ጨርቅ በክር ቋጥረው፣ ከዕፅዋት በተሠራ ሰማያዊ ቀለም ደጋግመው እየነከሩ ያቀልማሉ። ክሩ ሲፈታ ቋጠሮው የነበረበት ቦታ ነጭ አበባ ይሆናል። ልጆችዎ አንድ መሐረብ ራሳቸው ቋጥረው መሞከር ይችላሉ። እግረ መንገድዎን የባለሙያዎቹን እጆች ይመልከቱ፤ ሰማያዊው ከጥፍራቸው ሥር አይለቅም። በድራማው የጥልፍና የእንጨት ቅርጽ ባለሙያዎች አሉ፤ ሥራው የሚጠይቀው ጊዜ ግን በስክሪን አይታይም። እዚህ አንድ ሰዓት ሲቀመጡ ይገባዎታል።

ሦስቱ ሲኒዎች

ዳሊ ሄደው አንድ ነገር ብቻ የሚያደርጉ ከሆነ፣ የባይን ሕዝብ የሦስት ዙር ሻይ ይጠጡ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ለሚያውቅ ሰው ሥርዓቱን ማስረዳት አያስፈልግም።

የመጀመሪያው መራራ ነው። የሻይ ቅጠሉ በትንሽ የሸክላ ማሰሮ እሳት ላይ ይቆላል፤ ሽታው ሲመጣ የፈላ ውኃ ይፈስበታል። ሁለተኛው ጣፋጭ ነው፤ ቡናማ ስኳር፣ ዋልነትና ሩሻን ይገባበታል። ሦስተኛው ማር፣ ዝንጅብል፣ ቀረፋና ምላስ የሚያደነዝዝ የቻይና ቁንዶ በርበሬ አለበት፤ ጣፋጭም የሚያቃጥልም ነው። ያለፈውን መለስ ብሎ ማሰቢያ ነው ይላሉ። ቅደም ተከተሉ አይቀየርም።

የድራማው ድክመት ምን እንደሆነ በዚህ ሻይ መግለጽ ይቀላል። መራራውን ቀዳልን፤ ሁለት ጉንጭ ሳንጠጣ አነሣብን። ከዚያ ጣፋጩን እየደጋገመ ቀዳ። ሦስተኛውን፣ ምሬቱም ጣፋጩም አብረው የሚቀመሱበትን ግን አላደረሰንም። ጓደኛዋን ያጣች ሴት ፍቅር ካገኘች በኋላም ጓደኛዋን ማጣቷ አይቀርም። እሱን ነበር ማየት የፈለግነው።

ለመሄድ ካሰቡ

ከአዲስ አበባ በቀጥታ በረራ ጓንግጆው ከደረሱ በኋላ በአገር ውስጥ በረራ ወይም በፈጣን ባቡር ወደ ኩንሚንግ ይሄዳሉ። ከ2018 ጀምሮ ከኩንሚንግ ዳሊ በፈጣን ባቡር ሁለት ሰዓት ያህል ነው። ባቡሩ የሚያወርድዎ አዲሱ ከተማ፣ ሺያጓን ነው፤ አሮጌው ከተማ ወደ ሰሜን 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ይቀራል።

የቻይናን አዲስ ዓመትና የጥቅምት መጀመሪያ ሳምንታቸውን ያስወግዱ። ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናብ ይበዛል። ፀሐዩ ይፋጃል፤ ለልጆች ኮፍያና የፀሐይ ቅባት ይያዙ። በኬብል መኪና ወደ ጻንግሻን ከወጡ ወፍራም ልብስ ያስፈልጋል። የአሳማ ሥጋ ለማይበሉ ቤተሰቦች መልካሙ ዜና፣ በአካባቢው ከጥንት የኖሩ ሁዊ የሚባሉ ሙስሊሞች ምግብ ቤቶች መኖራቸው ነው። ጿሚዎች ደግሞ የእንጉዳይና የአትክልት ወጥ አያጡም።

ሁለት ቀን ለዳሊና ለሺጆው፣ አንድ ሌሊት ደግሞ ለሻሺ ይስጡ። የፈንግያንግዪውን ግቢ ማየት ከፈለጉ በማለዳ ሄደው ቶሎ ይውጡ። ከዚያ ከግቢው አልፈው በጥንቱ የሻይና የፈረስ ነጋዴዎች የድንጋይ መንገድ ይራመዱ። ፎቶ የሚነሣው ሰው ከበስተኋላዎ ይቀራል።

ድራማውንስ? ከመሄድዎ በፊት የመጀመሪያዎቹን ክፍሎች ከቤተሰብዎ ጋር ይዩ፤ ጥሩ ናቸው። ከዚያ ቴሌቪዥኑን አጥፍተው «ነገ እደውላለሁ» እያሉ ላቆዩት ጓደኛ ይደውሉ። ለዚያ ዳሊ ድረስ መሄድ አያስፈልግም።