ይታደስ ወይስ ይቀየር?

ሰሞኑን ካዛንቺስ አካባቢ ቡና ይዞ የተቀመጠ ሰው ስለ ኮምፒውተር ሳይሰማ አይነሳም። ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ አቆመ። ከዚያ ወዲህ በየቢሮው፣ በየጽሕፈት ሥራ ቤቱ፣ በየሂሳብ ባለሙያው ጠረጴዛ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሳል፦ ይሄ ማሽን ይታደስ ወይስ ይቀየር? እርስዎም ከበራ በኋላ ሻይ ተጠጥቶ እስኪያልቅ የሚያስጠብቅ ላፕቶፕ ካለዎት ወንበርዎን ሳብ ያድርጉና እንጫወት።

አቋሜን አልደብቅዎትም። ገንዘብዎን አብሮዎት በሚሄድ ነገር ላይ ያውሉ ባይ ነኝ። ነገ ማሽኑ ቢሞት ተነቅሎ ወደሚቀጥለው የሚዛወር ዕቃ ከሆነ አይሳሱ፤ ይግዙት። ከማሽኑ ጋር አብሮ የሚቀበር ከሆነ ግን እጅዎን ይሰብስቡ። ዕድሜ ብቻውን አይፈርድም። የስድስት ዓመት ላፕቶፕ ሊሞት ይችላል፤ የአሥር ዓመቱ ደግሞ ገና የሚያገለግል ሊሆን ይችላል።

ለዚህ ምስክር ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ሰፈሩ ራሱ ይመሰክራል። ጥር 29 ቀን 1953 ዓ.ም. የተመረቀው፣ ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተበት የአፍሪካ አዳራሽ ለዓመታት ሲታደስ ቆይቶ ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ዳግም ተከፈተ። የአፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕል፣ 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍነው፣ ተጠብቆ ቆየ፤ የስብሰባ መሣሪያው ግን ለዘመኑ በሚሆን ተተካ። በዚያው በ2017 ከአዳራሹ ብዙም ሳይርቅ የካዛንቺስ አሮጌ ቤቶች በኮሪደር ልማቱ ፈረሱ፤ ነዋሪውም ወደ ሌላ ሰፈር ተዛወረ። በአንድ ሰፈር፣ በአንድ ዓመት፣ አንዱ ታደሰ፤ ሌላው ተቀየረ። ከዚያ የተነሳ ቤተሰብ ሁሉ ምን ይያዝ፣ ምን ይቅር ብሎ ዕቃውን መለየት ነበረበት። እኔም የምለው ይህንኑ ነው፦ ከመወሰንዎ በፊት የሚቀረውንና የሚሄደውን ይለዩ።

እርግጥ ጥያቄው ከበፊቱ ይልቅ ዛሬ ከብዷል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ባንክ ቤት 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በዓመቱ ከ130 ብር አለፈ። የ400 ዶላር ላፕቶፕ ስሌቱ በባንክ ምንዛሪ ከ22,800 ብር ተነስቶ ከ52,000 ብር በላይ ሄደ ማለት ነው። ማጓጓዣው፣ ቀረጡና የነጋዴው ትርፍ ገና አልተጨመሩበትም። ደመወዝ በዚያ ፍጥነት አልሄደም። ስለዚህ “ጣለውና አዲስ ግዛ” የሚለው ምክር ለእኛ ከተማ ሰው ቀላል ምክር አይደለም፤ የወራት ደመወዝ ነው።

እንግዲህ ማደስም ሆነ መቀየር ከምርመራ ይጀምራል። ብዙ ሰው ማሽኑ ሃንግ ባደረገ ቁጥር “አርጅቷል” ብሎ ይደመድማል። ምኑ እንዳረጀ ግን አይጠይቅም። ሐኪም ሳያዩ መድኃኒት አይገዛም፤ ምርመራው ደግሞ እዚያው ማሽኑ ውስጥ አለ፣ ነፃ ነው። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ የሚሉትን ቁልፎች አንድ ላይ ይጫኑ፤ ታስክ ማናጀር ይከፈታል። እንደ ወትሮው ሥራዎን እየሠሩ ሦስት ቁጥሮች ይመልከቱ። ፕሮሰሰሩ ብዙም ሥራ ሳይኖረው ዲስኩ 100 ፐርሰንት ላይ ተጣብቆ ከቀረ፣ በሽታው ሃርድ ዲስኩ ነው። ሚሞሪው ሁልጊዜ 90ን የሚያልፍ ከሆነ ራም አንሶታል። ሁለቱ ደህና ሆነው ፕሮሰሰሩ ብቻውን 100 ላይ የሚያቃስት ከሆነ ግን ያ ብዙውን ጊዜ በጥገና የሚድን አይደለም።

ከሦስቱ በብዛት የሚያጋጥመው የመጀመሪያው ነው። ቦሌ መንገድ ላይ ደምበል ሕንፃ ውስጥ አንዲት የጽሕፈት ሥራ ቤት ባለቤት ላፕቶፓቸውን ሲያስከፍቱ አጠገባቸው ቆሜ አይቻለሁ። ጠጋኙ ወጣት ነው። የሥሩን ብሎኖች ፈትቶ ክዳኑን ሲያነሳ ማራገቢያው ላይ አቧራው ተጋግሮ ጨርቅ መስሏል። በብሩሽ ጠረገውና ሃርድ ዲስኩን ነቅሎ አሳያቸው።

“እናቴ፣ ማሽኑ ደህና ነው። ያስቸገረዎት ይሄ ነው።”

“ታዲያ ልጄ፣ አዲስ ልግዛ ወይስ ይሄን ላሠራ?”

“ለጽሑፍና ለፎቶ ኮፒ ከሆነ ኤስኤስዲ ይበቃዎታል። ዳታዎን እንዳለ ነው የማዞርልዎ፤ ምንም አይጠፋም።”

የድሮው ዲስክ ወደ አዲሱ እስኪገለበጥ ሴትየዋ ተነስተው አልሄዱም፤ የያዟት ፍላሽም ከእጃቸው አልወጣችም። የሰው ማመልከቻ፣ የሰው ውል፣ የሰው የትምህርት ማስረጃ ነው እዚያ ውስጥ ያለው። ማሽኑ ተገጥሞ ሲበራ ግን ለሥራ ለመዘጋጀት አንድ ደቂቃ አልፈጀበትም።

ምሥጢሩ ቀላል ነው። በብዙ አሮጌ ላፕቶፖች ውስጥ ያለው ሃርድ ዲስክ በደቂቃ 5400 ጊዜ የሚሽከረከር ሳህን ነው፤ አንድ መርፌ መሳይ ክንድ ደግሞ እየተመላለሰ ፋይሉን ይፈልጋል። ዊንዶውስ ሲነሳ በሺህ የሚቆጠሩ ጥቃቅን ፋይሎችን ከየቦታው ይለቅማል፤ ጊዜው የሚያልቀው በዚያ ምልልስ ነው። ኤስኤስዲ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም። መብራት እልም ሲልም ሆነ ታክሲ ውስጥ ቦርሳው ሲንገጫገጭ የሚፋቅ ሳህን የለውም። ደግሞም ከላይ ያልኩትን ፈተና ያልፋል፦ ላፕቶፑ ነገ ቢሞት ዲስኩን ነቅለው ሌላ ማሽን ላይ ይገጥሙታል፤ አለዚያም መያዣ ገዝተው እንደ ትልቅ ፍላሽ ይጠቀሙበታል። አብሮዎት ይሄዳል።

ራም ላይ ግን ቆም ይበሉ። 4 ጊጋ ላይ ለሚንገላታ ማሽን 8 ጊጋ ትልቅ እፎይታ ነው፤ ብሮውዘር ከፍቶ፣ ዎርድ ከፍቶ፣ ቴሌግራም ከፍቶ ለሚሠራ ሰው ልዩነቱ ወዲያው ይታያል። ችግሩ የድሮው ዲዲአር 3 ራም ዲዲአር 4 በሚወስድ ማሽን ላይ አይገባም፤ ከማሽኑ ጋር ይቀራል። ስለዚህ ራም በርካሽ ካገኙ፣ ያውም ስላሽ (ያገለገለ) ከሆነ፣ ይጨምሩ፤ ውድ ከሆነ ይለፉት። ከ2018 መጀመሪያ ወዲህ ደግሞ በዓለም ገበያ የራም ዋጋ በጣም ንሯል። አምራቾቹ ምርታቸውን ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ማዕከላት ማቅረብ ስላዋጣቸው ለተራው ገዥ የሚደርሰው አንሷል። በአንዳንድ ስስ ላፕቶፖች ላይ ደግሞ ራሙ ከቦርዱ ጋር ተበይዶ ስለሚመጣ ጭራሽ አይጨመርም። ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ጠጋኙ ከፍቶ ያሳይዎት።

ባትሪውንም አይናቁ። መብራት በሚመላለስበት ከተማ ላፕቶፕ ከዴስክቶፕ የሚመረጥበት አንዱ ምክንያት ባትሪው ነው። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ቻርጀሩ ሲነቀል አብሮ ይጠፋል፤ ያልተቀመጠ ጽሑፍም ይዞ ይሄዳል። ዴስክቶፕ የሚጠቀሙ ከሆነ በባትሪው ፈንታ ዩፒኤስ ይግዙ። ዩፒኤስ፣ ሞኒተር፣ ኪቦርድና ማውስ ሁሉም ወደሚቀጥለው ማሽን የሚዛወሩ ናቸው። ዴስክቶፕ ያለው ሰው ሲቀይር ሳጥኑን ብቻ መቀየሩ የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ መቀየሩ እንምጣ። መቀየር ግዴታ የሚሆንባቸው ጊዜያት አሉ። ቦርዱ ከተበላሸ፣ አንዴ ተጠግኖ ተመልሶ ከጠፋ፣ አይድከሙ። የስክሪኑ ማጠፊያ፣ ኪቦርዱና ባትሪው በአንድ ላይ ካለቁ ወጪውን ይደምሩት፤ ከአንድ ደህና ስላሽ ላፕቶፕ ዋጋ ግማሹን ካለፈ የእኔ ምክር ይቀየር ነው። ሥራዎ እንደ አውቶካድና ኢታብስ ባሉ የምሕንድስና ፕሮግራሞች ከሆነ፣ ቪዲዮ የሚያቀናብሩ ከሆነ፣ ፕሮሰሰሩ ካልቻለ ኤስኤስዲ አያድንዎትም። የእርስዎ ሰዓት ከማሽኑ በላይ ዋጋ አለው።

የዊንዶውስ ነገርም አለ። ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ክፍል ይፈልጋል፤ በኢንቴል በኩል ደግሞ ከጥቂቶች በስተቀር ከ8ኛ ጀነሬሽን በታች ያለውን አይቀበልም። አንዳንድ ጠጋኝ “በዘዴ እጭንልዎታለሁ” ይላል፤ ይጫናልም። ነገር ግን ማይክሮሶፍት ለእንዲህ ዓይነቱ ማሽን ማሻሻያ ለመላክ ዋስትና አይሰጥም። በማይክሮሶፍት አካውንት ገብቶ ለተመዘገበ የግል ተጠቃሚ የዊንዶውስ 10 የደኅንነት ማሻሻያ እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. ተራዝሟል፤ ይህ ለማሰቢያ የተሰጠ ጊዜ ስለሆነ ይጠቀሙበት። ሌላው መንገድ ሊነክስ ነው። ሊነክስ ሚንትና ኡቡንቱ ነፃ ናቸው፤ አማርኛ ይጽፋሉ፤ ለልጆች ጥናት፣ ለኢንተርኔትና ለተራ ጽሑፍ አሮጌውን ማሽን ዳግም ሥራ ላይ ያውሉታል። በፒችትሪ ሂሳብ የሚሠራ ሰው ግን ወደ ሊነክስ ሄጄ እገላገላለሁ ብሎ አያስብ፤ ፒችትሪ የተሠራው ለዊንዶውስ ነው። ባንክና የደንበኛ ሰነድ የሚያንቀሳቅስ ሰው ደግሞ ማሻሻያ በማያገኝ ማሽን ላይ መሥራት የለበትም። በዚህ ላይ አልደራደርም።

ስላሽ የሚገዙ ከሆነ አንድ ነገር ይዘው ይሂዱ። ሻጩ “ኮር አይ 7 ነው!” ሲልዎት “ስንተኛ ጀነሬሽን?” ብለው ይጠይቁ። ከሰረዙ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ይነግርዎታል፦ አይ 7-4600ዩ አራተኛ ነው፤ አይ 5-8250ዩ ስምንተኛ። ስሙ ትልቅ የሆነው አይ 7 ሁለት ኮር ብቻ አለው፤ ትንሽ የሚመስለው አይ 5 ግን አራት። ዊንዶውስ 11 የሚቀበለውም አይ 5ቱን ነው። በስም አይገዛም። ከዚያ ቻርጀሩን ነቅለው ባትሪው ላይ እየሠራ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይዩት። ቁልፎቹን አንድ በአንድ ይጫኑ፤ ካሜራውን፣ ዋይፋዩን፣ የፍላሽ መሰኪያዎቹን ሁሉ ይሞክሩ። የሚያፍር ገዥ ይጎዳል።

ከሁሉ በላይ ግን ፋይሉ ነው። አዳራሹ ሲታደስ የአፈወርቅን መስታወት መጠበቅ ለምን እንዳስፈለገ ያስቡ፤ የስብሰባ መሣሪያ ሌላ ይገዛል፣ ያ መስታወት ግን ሌላ አይገኝም። በእርስዎ ማሽን ውስጥ ምትክ የሌለው ፋይልዎ ነው። በተለይ የቆዩ የጽሕፈት ሥራ ቤቶች ይህን ልብ ይበሉ። ፊደላችን በዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት የአማርኛ ፎንቶች ፊደሎቻችንን በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ያስቀምጡ ስለነበር፣ በእነሱ የተጻፈ ሰነድ ፎንቱ በሌለበት አዲስ ማሽን ላይ ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ሆኖ ይመጣል። ስለዚህ አሮጌው ማሽን ገና እየሠራ፣ ፎንቱም በውስጡ እያለ፣ ሰነዱን ወደ ዩኒኮድ ያስለውጡ፤ ቢያንስ በፒዲኤፍ ያስቀምጡ። ማሽኑ ከሄደ በኋላ የሚፈለግ ፎንት አድካሚ ነው።

አሮጌውን ሲሸኙም ዲስኩን ሳያወጡ ወይም በአግባቡ ሳያስጠፉ ለቆራሌው አይስጡ። ፈጣን ፎርማት ማድረግ ብቻውን ፋይሉን ከሚያውቅበት ሰው አይሰውረውም። ማሽኑ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ሊነክስ ተጭኖበት ለዘመድ ልጅ ወይም ለሰፈር ትምህርት ቤት ይድረስ። እ.ኤ.አ. በ2022 ዓለም 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አምርታለች፤ በአግባቡ መሰብሰቡ የተመዘገበው ከሩቡ በታች ነው። አንድ ላፕቶፕ በዕድሜው ከሚያስከትለው ብክለት ውስጥ አብዛኛው የሚመጣው ገና ፋብሪካ እያለ ነው፤ እንደ እኛ መብራቱን በዋናነት ከውኃ ኃይል በሚያገኝ አገር ደግሞ ያ ድርሻ ይበልጥ ይጎላል። አንድን ማሽን ሁለትና ሦስት ዓመት ማቆየት ለኪስም ለአገርም ነው።

እንግዲህ ዛሬ ማታ ሦስት ነገር ያድርጉ። ፋይልዎን ሌላ ቦታ ላይ ይገልብጡ። ታስክ ማናጀሩን ከፍተው ቁጥሮቹን ይጻፉ። የፕሮሰሰሩን ጀነሬሽን ይመልከቱ። ያንን ወረቀት ይዘው ወደ ጠጋኝ የሄዱ ቀን “ምን ይሻለኛል?” ብለው አይጠይቁም፤ “ይሄን ቀይርልኝ” ወይም “ይሄን አትጠግን” ይላሉ። ውሳኔው የሻጭም የጠጋኝም አይሆንም፤ የእርስዎ ይሆናል።