ድምፁን ወይስ ሜዳውን?

ጂንካ ገበያ ወርዶ «ደኅናውን ኤርፎን ስጠኝ» ማለት መልስ የሌለው ጥያቄ ነው። ደኅናው ለማን? ምን ለሚሰማበት? ባለሱቁ መቼም ሁለት ነገር ያውቃል፤ ወይ «ኦርጅናል ነው» ይላል፥ ወይ «ቤዙ ይደልቃል» ይላል። የሚደልቅማ በዶርማችንም አልጠፋ! እኔ የኪስ ገንዘቤ የሚፈቅድልኝ አንድ ማዳመጫ ብቻ ስለሆነ፥ ሦስት ቅዳሜ ተመላልሼ የሱቁን ሁሉ በጆሮዬ እየሞከርኩ ባለሱቆቹን አሰለቸሁ። በዚያ መመላለስ ያሰብኩትን ነው ዛሬ ለእናንተ የማካፍለው።

ማዳመጫ ሁሉ አንድ ዘፈን ቢሰጡት አንድ ዓይነት አያወራም። አንደኛው ዘፋኙን ጎትቶ ከፊታችሁ ያስቀምጠዋል። የሰው ንግግር ጥርት ብሎ የሚለየው በአብዛኛው ከ1,000 እስከ 4,000 ሄርዝ ባለው ክልል ውስጥ ነው፤ ጆሯችንም በተፈጥሮው ለዚያ ክልል ንቁ ነው። ይህን ክልል ከፍ የሚያደርግ ማዳመጫ ጥላሁን ገሠሠን ካልጋችሁ ጫፍ ያስቀምጥላችኋል። አስናቀች ወርቁ ከክራሯ ጋር ስትጫወት ትንፋሿ ሳይቀር ይሰማችኋል። የዓለሙ አጋ በገና አሥሩም አውታር እየነዘረ፥ ከሥሩ በለሆሳስ የሚወጣው ቃል አያመልጣችሁም።

ሁለተኛው ዓይነት ግን ሰውን አያቀርብም፤ ቦታ ይሰጣል። ከበሮው ወደ ኋላ፥ መለከቱ ወደ ቀኝ፥ ጭብጨባው ራቅ ብሎ። ይህን ጠባይ እኛ ዶርም ውስጥ «ሜዳ» ብለን ሰየምነው፤ በጂንካ ከተማ መኻል አውሮፕላን ያርፍበት የነበረውን የሣር ሜዳ የሚያውቅ ሁሉ ስሙን ሳይብራራለት ይረዳዋል። ምሥጢሩ ቀላል ነው። ከግራ የመጣ ድምፅ ግራ ጆሮን ቀድሞ ይነካል፤ ልዩነቱ የሰከንድ አንድ ሺኛ እንኳን አይሞላም፤ አእምሯችን ግን ያችን ኢምንት ለክቶ «በዚያ በኩል ነው» ይላል። በሁለት ማይክሮፎን የተቀዳ ድምፅ ይህን ልዩነት ይዞት ይመጣል። በአንድ መስመር ብቻ ለተቀዳ ዘፈን ግን የፈለገውን ያህል ውድ ማዳመጫ ቢገዙለት ሜዳ አይወጣውም።

እንግዲህ እኔ የመጀመሪያውን ዓይነት ወዳጅ ነኝ። ለምን ቢባል፥ አስተዳደጌ ነው። እኛ ቤት ዘፈን ሲሰማ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ምን አለ?» ነው። ሰሙ ምንድን ነው፥ ወርቁስ የት ተቀበረ? ባንዱ አጃቢ ነው፤ ስሙም ይናገራል። አንድ ቃል ከጠፋን ዘፈኑ በሙሉ እንደጠፋ እንቆጥራለን። ስለዚህ ዘፋኙን ከመኻል አስቀምጦ ሌላውን ሁሉ ከኋላው የሚያሰልፍ ማዳመጫ ለእኔ «ትክክለኛው» ነበር።

ጉዳዩ ክርክር የሆነው የዶርም ጓደኛዬ ስልኩን ሲያመጣ ነው። የአሪ ልጅ ነው። በአሪ የዋሽንት ጨዋታ እያንዳንዱ ሰው የራሱን ቀርከሃ ይይዛል፤ አጭሩ ቀጭን፥ ረጅሙ ወፍራም ድምፅ ይሰጣል፤ አንዱ ቀርከሃ የሚያወጣው አንድ ድምፅ ብቻ ነው። ዜማው የማንም አይደለም፤ ከሰው ወደ ሰው እየዘለለ በክቡ ውስጥ ይዞራል። የደራሼን ፊላ የሰማ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ጓደኛዬ የሠፈሩን ጨዋታ በሁለት ማይክሮፎን አስቀድቶ ይዞታል፤ ከተጫዋቾቹ አንዱ አጎቱ ነው። አጎቱ ካረፈ ሁለት ዓመት ሆኖታል።

እኔ በወደድኩት ማዳመጫ ሲሰማው ግንባሩን ቋጠረ። «ሁሉም አንድ ቦታ ቆመዋል እኮ! አጎቴን ፈልጌ አጣሁት» አለኝ። ሌላውን፥ ጆሮ የማይደፍነውንና ከጆሮ ደጃፍ ላይ ብቻ የሚቀመጠውን ሰጠሁት። ትንሽ ቆይቶ እጁን ወደ ግራ ዘረጋ። «ይኸው፥ እዚህ ነው፤ አሁን ገባ... አሁን ደግሞ።» አንዲት ድምፅ። ቃል የላትም፤ እንደ ጥላሁን ብቻዋን ቆማ አትዘፍንም። ሰውየውን ከሌሎቹ የሚለየው የቆመበት ቦታና ተራውን ጠብቆ የሚገባበት ሰዓት ነው። ሜዳው ሲጠብ እሱም አብሮ ይጠፋል።

ከዚያ ወዲህ በአካባቢው ያለውን ሌላውንም በዚሁ መንገድ ማሰብ ጀመርኩ። በሐመር የከብት ዝላይ ዕለት የሴቶቹ ጥሩንባ ከያቅጣጫው ይመጣል፤ የእግራቸው ቃጭል ደግሞ ከመሬት ይነሣል፤ መኻሉ የት ነው? ኢቮ ሽትሬከር የሐመርን ሙዚቃ ቀድቶ በ1979 እ.ኤ.አ. በርሊን በሸክላ አሳትሟል። ይህን የመሰለ ጨዋታ ድምፃዊውን ብቻ በሚያቀርብ ማዳመጫ መስማት፥ የሸንጎን ስብሰባ በአንድ ሰው ፎቶግራፍ እንደማሳየት ይመስለኛል።

አንድ ነገር ልጨምር። እኛ ተማሪዎች ማዳመጫን ለሁለት እንካፈላለን፤ አንዱ ግራውን፥ አንዱ ቀኙን። የድምፃዊ ዘፈን በዚህ አይጎዳም፤ ድምፃዊው አብዛኛውን ጊዜ በሁለቱም በኩል እኩል ስላለ ለሁለታችንም ይዳረሳል። የዋሽንቱ ቅጂ ግን አይከፈልም። ጓደኛዬ ግራውን ከያዘ አጎቱን ይሰማል፤ ለእኔ በቀኝ በኩል የሚደርሰኝ የደከመ ነው። ግማሹን ሰው ለእሱ ሰጥቼ ግማሹን ይዤ መቅረቴ ነው።

ለመሆኑ ምን ገዛን? እኔ ለድምፅ የሚሆነውን፥ ጎማው ጆሮ የሚደፍነውን ገዛሁ፤ አልጸጸትም፤ ግጥም ሳልሰማ አድሬ አላውቅም። እሱ ሜዳ ያለውን ወሰደ። ሁለቱም ዋጋ ያስከፍላሉ። የእሱ የውጭውን ጫጫታ ያስገባል፤ ዶርሙ ሲንጫጫ ድምፅ መጨመር ያምረዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው ያስቀመጠው ልክ በ80 ዴሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት ነው፤ ከዚያ ድምፁ በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በፍጥነት ይቀንሳል። የእኔው ጫጫታውን ስለሚከለክል በዝቅታ ይበቃኛል፤ ግን ሰው ሲጠራኝ አልሰማም።

ለምትገዙ ሁሉ ምክሬ ይኸው ነው። ባለሱቁ በሚያጫውተው ዘፈን አትሞክሩ፤ በቃል የምታውቁትን አንድ የድምፃዊ ዘፈንና ብዙ ሰው ያለበትን አንድ ጨዋታ በስልካችሁ ይዛችሁ ሂዱ። የሁለቱንም ማዳመጫ ድምፅ እኩል አድርጉ፤ ጮክ ያለው ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላልና። ከዚያ «የቱ ጥሩ ነው?» ሳይሆን «ማንን ነው መስማት የምፈልገው?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ።

ጓደኛዬ ለዕረፍት ሲሄድ ቅጂውን ለእናቱ ሊያሰማ አስቧል። አጎቱ የእሷ ወንድም ነበር። «ተካፍላችሁ ልትሰሙ ነው?» አልኩት። «አይደለም፤ ሁለቱንም ለእሷ ነው የምሰጣት» አለኝ። «እኔ አጠገቧ ተቀምጬ፥ እሱ ሲገባ ወደየት እንደምትዞር አያለሁ።»