ሞቷል የተባለው የሲልቨር ስፕሪንግ አበባ

ልጃችሁ ወልዳ ለአራስ ጥየቃ አሜሪካ የሄዳችሁ እናቶች ታውቁታላችሁ፤ ገንፎው ተሠርቶ፣ ሕፃኑ ታጥቦ ካበቃ በኋላ ቀኑ አልመሽ ይላል። ቡና ጠጪ ብሎ የሚጠራ ጎረቤት የለም። ሲልቨር ስፕሪንግ ከዋሽንግተን አጠገብ ያለች የሜሪላንድ ከተማ ናት። እንጀራውም በርበሬውም በአማርኛ ተጠይቆ ይገዛባታል፤ ግን ሱቁ ዘንድ ለመድረስ መኪና ያስፈልጋል፣ መኪናውን የሚነዳው ደግሞ ሥራ ውሏል። ከቤቱ ጀርባ ካለችው ግቢ ጋር የተወዳጀሁት ለዚህ ነው።

ጥግ ላይ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ቁጥቋጦ አለ። ሚያዝያ ሲገባ የቼሪው ዛፍ አብቦ ረግፎ፣ ሰፈሩ ሁሉ ለምልሞ፣ እሱ ብቻ እንደ ማገዶ ደርቆ ቆሟል። የልጄ ባል “ይኼ ሞቷል፤ ቅዳሜ እቆርጠዋለሁ” አለ። ዕድሜዬን በነርስነት የጨረስኩ ሰው ነኝና ሳይመረመር ሞቷል መባሉን አልወደድኩትም። አንዱን ቀጭን ቅርንጫፍ ይዤ ልጡን በጥፍሬ ፋቅ አደረግሁት፤ ከሥሩ አረንጓዴና እርጥብ ነው። ቡናማና ደረቅ ቢሆን እንኳ ወደ ግንዱ ወረድ ብሎ እንደገና መፋቅ ነው እንጂ መጋዝ አይነሳም። “እስከ ግንቦት መጨረሻ ታገሰኝ፣ ልጄ” አልኩት።

ቅጠል ያወጣው ግንቦት ከገባ በኋላ ነው። ለካ ተፈጥሮው መዘግየት ነው።

ፈረንጆቹ የሳሮን ጽጌረዳ ይሉታል፤ ጽጌረዳ ግን አይደለም። የከርከዴ ወገን፣ የባሚያና የጥጥ ዘመድ ነው። የሳይንስ ስሙ “የሶርያው” ይላል፣ አገሩ ግን ወደ ቻይና ነው። ደቡብ ኮሪያውያን ሙጉንግህዋ ብለው ብሔራዊ አበባቸው አድርገውታል። የቃኘው ሻለቃ ዘማቾች እ.ኤ.አ. በ1951 የደረሱበት አገር አበባ መሆኑን ሳውቅ እንደ ባዕድ ማየቱን ተውኩ።

እንክብካቤው ብዙ አይደለም። ፀሐይ ይወዳል፣ ውኃ የሚተኛበት መሬት አይስማማውም። አበባው የሚወጣው በዚያው ዓመት በበቀለ ቀንበጥ ላይ ስለሆነ፣ የሚገረዘው ብርዱ ሊወጣ ሲል፣ በየካቲት መጨረሻ ገደማ ነው። ሰኔ ላይ የገረዘ ሰው አበባውን አብሮ ይቆርጣል። ፍሬው ደርቆ ሳይፈነዳ መልቀም ደግሞ ግድ ነው፤ አለዚያ ግቢው በችግኝ ይሞላል።

ሐምሌ ላይ፣ የእኛ አገር በዝናብ ሲርስ የእነሱ በሙቀት ሲነድ፣ አበበ። ሐምራዊ ነው፣ መሐሉ እንደ ቀይ ወይን የጠቆረ። አንዱ አበባ የሚቆየው አንድ ቀን ነው፤ ማታ ይጠቀለልና ይወድቃል፣ ጠዋት ሌላው ይፈካል። እስከ መስከረም እንዲሁ ነው። የሦስት ዓመቷ የልጅ ልጄ በየጠዋቱ የወደቁትን በሳህን እየለቀመች በአማርኛ ትቆጥራለች፤ ሰባት ላይ ስትደርስ ወደ እንግሊዝኛ ትዞራለች። እንደገና ከአንድ እናስጀምራለን።

የሙያ ነገር ሆኖብኝ ቅጠሉን ወደ አፏ ብትወስድስ ብዬ አጣርቻለሁ፤ ለሕፃናት መርዛማ ከሚባሉት ወገን አይደለም። ንቧን ግን መጠንቀቅ ነው። አዲስ አበባ ያላችሁ ደግሞ ግቢያችሁን እዩ። በየአጥሩ የምንተክለው ኦሊያንደር ከቅጠሉ እስከ ግንዱ ልብ የሚያውክ መርዝ አለው። እንደ ጥሩንባ ቁልቁል የሚንጠለጠለው ትልቁ ነጭ አበባም አእምሮ ያናውጣል። ነቅላችሁ ጣሉ አልልም፣ ግን የሚድህ ልጅ ካለ ከእጁ ይራቅ።

እዚያ አደይ የለም። ለእንቁጣጣሽ ጠረጴዛው ላይ ያደረግነው ይህንኑ ነበር። ማድረግ ለምትፈልጉ፣ የሚቀጠፈው የበዓሉ ዕለት ጠዋት ነው፤ በዋዜማ የተቀጠፈው ሲነጋ ተጠቅልሎ ታገኙታላችሁ።