ወደ ጨው አገር ለመውረድ ስለ ማሰቤ

ሰው ዕድሜው ከኀምሳ ሲያልፍ የሚያስበው መንገድ ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ ወደ ሐኪም ቤት፥ ወይ ወደ ገዳም። እኔ ግን በኀምሳ አምስት ዓመቴ ሦስተኛ መንገድ አምጥቼ የቤተ ሰቤ መነጋገሪያ ሆኛለሁ፤ ወደ ዳሎል ለመውረድ አስቤአለሁና። ሐሳቡን ለወዳጆቼ በነገርኋቸው ጊዜ እኩሌቶቹ ሣቁ፤ እኩሌቶቹም «መሪጌታ፥ እዚያ ምን ደብር አለና ይሄዳሉ?» ብለው ጠየቁኝ። መልሱ በአንድ ቃል የሚያልቅ ስላልሆነ በዚህ ገጽ ላይ ልጽፈው ወደድሁ።

ነገሩ የሚጀምረው ከአንድ አሞሌ ጨው ነው። አባቴ የላስታ ገበሬ ነበር። በቤታችን ምሰሶ ላይ፥ የልጅ እጅ በማይደርስበት ስፍራ፥ በአሮጌ ኩታ የተጠቀለለ አሞሌ ተሰቅሎ ይኖር ነበር። ከወጥ አይገባም፥ ለከብት አይሰጥም፥ አይሸጥም። ክረምት በገባ ቍጥር ያልበዋል፤ ጨርቁ ይረጥብና ጠብታው ወደ መሬት ይወርዳል፤ በጋ ሲሆን ተመልሶ ይደርቃል። እኛ ልጆች «ጨው አለቀሰ» እንል ነበር። እናቴ ይህን ስትሰማ ትቈጣን ነበር፤ ምክንያቱን የነገረን ግን አባቴ ነው፥ እርሱም ነፍስ ካወቅን በኋላ።

የአባቴ ታላቅ ወንድም እኔ ሳልወለድ ከትግራይ ጨው ነጋዴዎች ጋር ግመል ነጂ ሆኖ ወደ ጨው አገር ወርዶ ነበር። ሁለት ጊዜ ደርሶ ተመለሰ፤ በሦስተኛው ግን አልተመለሰም። ሐሩር መታው አሉ። የአፋር ሰዎች ከመንገዱ ዳር ድንጋይ ከምረው ቀበሩት። ለእርሱ የሚደርሰው የጨው ድርሻም ሳይጐድል፥ ከእጅ ወደ እጅ ከገበያ ወደ ገበያ እየተላለፈ፥ በስድስተኛው ወር ከአባቴ ደጃፍ ደረሰ። አባቴ ሌላውን ሸጦ የወንድሙን ተዝካር አወጣ፤ አንዱን አሞሌ ግን አስቀረው። «ወንድሜን የቀበረውን ሰው ስሙን አላውቀውም፤ የሞተን ሰው ገንዘብ የማይበላ ሰው በዚያ በረሃ እንዳለ ግን ይህ ምስክሬ ነው» ይል ነበር። እርሱ ሲያርፍ አሞሌው ለእኔ ደረሰኝ። ዛሬ ከመጻሕፍቴ ሣጥን አጠገብ ተቀምጧል፤ የስንት ዓመት ክረምት ሲሦውን ያህል አሟሙቶ ወስዶታል።

ቅኔ ለመማር ወደ ጎጃም በተሻገርሁ ጊዜ አንድ ቀን ጨውን ሰም አድርጌ ቅኔ ቈጠርሁ። በቅኔዬ ውስጥ ነጋዴው ጨውን እንደ ገብስ እያፈሰ በስልቻ ይከታል። የኔታ አድምጠው ሲያበቁ «ልጄ፥ ጨው ይታፈሳል ወይስ ይፈለጣል?» አሉኝ። ዝም አልሁ። በቤታችን ምሰሶ ላይ እንደ ጥርብ ድንጋይ አራት ማዕዘን ሆኖ የተሰቀለ ምስክር እያለ አንድም ቀን አላሰብሁትም ነበር። እርሳቸውም «ሰሙን ሳታውቅ ወርቁን አትሻ፤ ያላዩትን ሰም ማቅለጥ እጅ ያቃጥላል» ብለው ወደ ስፍራዬ መለሱኝ። እነሆ እኔም መምህር ተብዬ ወንበር ከዘረጋሁ ሃያ ሰባት ዓመት ሆነኝ። የሎጥን ሚስት፥ የበረሃውን ሐሩር፥ የጨውን ምድር ስንት ጊዜ ሰም አድርጌ ለደቀ መዛሙርት ነገርሁ! ያየሁት ግን ያን አንድ አሞሌ ብቻ ነው።

ስለዚህ መሰናዶዬን የጀመርሁት ከመጻሕፍት ነው። ዳሎል በሰሜን አፋር፥ ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ባለው የደናክል ረባዳ ምድር ውስጥ ያለ ጕብታ ነው። ከጨው ሜዳው ወደ 50 ሜትር ያህል ብቅ ይላል፤ እንዲህም ሆኖ ጫፉ ራሱ ከባሕር ወለል በታች ነው። ተራራ ወጣሁ ብሎ የሚመካ ሰው በዚያ ጫፍ ላይ ቆሞ ገና የባሕርን ልክ አልደረሰም ማለት ነው። የቀይ ባሕር ውሃ በጥንት ዘመን ወደዚህ ረባዳ ገብቶ ሲደርቅ፥ ደግሞም ገብቶ ሲደርቅ የተወው ጨው ውፍረቱ ከ1 ኪሎ ሜትር እንደሚበልጥ የከርሰ ምድር ሊቃውንት ይገምታሉ። በ1926 እ.ኤ.አ. ከምድር በታች የጋለው ውሃ ፈንድቶ በዚያ ጕድጓድ ከፍቷል። ከ1960 እስከ 1966 እ.ኤ.አ. በዳሎል በተመዘገበው ልክ የዓመቱ አማካይ ሙቀት ከ34 ዲግሪ በላይ ነበረ፤ ይህም ሌሊቱ ከቀኑ፥ ክረምቱ ከበጋው ጋር ተደምሮ ነው፤ ሰው በኖረበት ስፍራ ከዚህ የሚበልጥ አማካይ ሙቀት አልተመዘገበም።

የጕብታው ውሃ ቢጫ፥ አረንጓዴና ቀይ ቀለም አለው ይላሉ፤ ድኝና ብረት ከጨው ጋር ተዋሕደው የሠሩት ሥራ ነው። ውበቱ ግን አይነካም፤ ውሃው ከሎሚና ከሆምጣጤ እጅግ የሚብስ አሲድ ነውና። በ2019 እ.ኤ.አ. ሁለት የተመራማሪዎች ወገኖች በዚህ ውሃ ነገር ተለያዩ። አንደኛው ወገን በዐይን የማይታዩ እጅግ ደቃቃ ሕያዋን አገኘሁ አለ፤ ሁለተኛው ግን ጨውና አሲድ ከልክ ባለፉበት ኩሬ ውሃ ሳለ ሕይወት የለም ብሎ ጻፈ። ውሃ ባለበት ሁሉ ሕይወት አለ ብዬ ሳስተምር ለኖርሁት ለእኔ ይህ ክርክር ብዙ ሌሊት እንቅልፍ ነሥቶኛል።

የጨውም ታሪክ ከዚያው ይመነጫል። በ6ኛው መቶ ዓመት የነበረው ኮስማስ የአክሱም ነጋዴዎች ወርቅ ለመለወጥ ከሚወስዱት ዕቃ ጋር ጨውን ቈጥሮ ጽፏል። በ1520 እ.ኤ.አ. ወደ አገራችን የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝም ጨው እንደ ገንዘብ ሲያገበያይ አይቶ መስክሯል። አሞሌ ከተፈለጠበት በራቀ ቍጥር ዋጋው ይወደድ ነበር፤ ዳግማዊ ምኒልክ በስማቸው ብር ካስመቱ በኋላ እንኳ ከገበያ ቶሎ አልወጣም። ፈላጮቹ ጨዉን በመጥረቢያ ይቈርጡታል፥ በእንጨት ዘንግ ፈንቅለው ከመሬት ያነሡታል፥ ከዚያም አራት ማዕዘን አድርገው ይጠርቡታል። የኔታ ነፍሳቸውን ይማርና፥ መልሱን ዛሬ አገኘሁት፤ ጨው ይፈለጣል።

ከመጻሕፍት ቀጥሎ የሄድሁት ወደ ሐኪም ነው። ወጣቱ ሐኪም የደም ግፊቴን ለክቶ «መሪጌታ፥ ከእንግዲህ ጨው ይቀንሱ» አለኝ። እኔም አፍሬ ሳልቀር የመንገዴን ነገር አወጋሁት። መጀመሪያ ሣቀ፤ ኋላ ግን ሣቁን ትቶ ደንብ አወጣልኝ። መድኀኒቱን አንድ ቀን እንዳላቋርጥ፥ ጥማት ሳይሰማኝ አስቀድሜ ውሃ እንድጠጣ፥ ፀሓይ ከበረታ በኋላ እንዳልራመድ፥ ራሴን ቢያዞረኝ ያን ሰዓት ጥላ ፈልጌ እንዳርፍና ወደ ኋላ እንድመለስ ነገረኝ። «አይሂዱ አልልዎትም፤ እኔ ብቻዬን አልከለክልዎትም» አለ። ነገሩ ገባኝ፤ የሚከለክለኝ ሌላ ሰው በቤቴ እንዳለ ዐውቋል።

ባለቤቴ ነገሩን በሰማች ቀን እንጀራ እየጋገረች ነበር። ምጣዱን ከድና ዘወር አለችና «ጨው ተከልክለው ጨው ሊያዩ ይሄዳሉ?» አለችኝ። ይህን እንደ ቀልድ ወስጄ ልስቅ ስል ሁለተኛውን ቃል ጨመረች፤ «ያ ምድር ከቤታችሁ አንድ ሰው አስቀርቷል፤ ሁለተኛ ለምን ይጨመርለታል?» በቅኔ ማኅሌት ስንት ሊቅ ተከራክሬ መልስ አላጣሁም፤ በዚያች ማጀት ግን መልስ አጣሁ።

ምክንያትም አላነሣትም። ለመውረድ መጀመሪያ ያሰብሁት በጥር 2018 ዓ.ም. ነበር፤ ለዚያ ምድር የሚሻለው ወራት ከኅዳር እስከ የካቲት ነውና። ዳሩ ግን በኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. በዚያው በአፋር ምድር ሃይሊ ጉቢ የተባለው እሳተ ገሞራ በድንገት ፈነዳ፤ አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በየመንና በኦማን ላይ አልፎ እስከ ሕንድ ሰማይ ደረሰ። እኔ ላልፍበት ያሰብሁት የአፍዴራ ወገንም አመድ ለበሰ። ባለቤቴ ወሬውን ሰምታ ምንም አልተናገረችም፤ ጋቢዬን አጥፋ ወደ ሣጥን መለሰችው። እኔም መንገዱን ለሚቀጥለው ጥር፥ ጥምቀት ካለፈ በኋላ፥ አዛወርሁት።

በዚህ በቈየሁበት ጊዜ አንድ በጎ ነገር አገኘሁ። ቀድሞ ያስተማርሁት አንድ ልጅ በሰመራ ይኖራል፤ እርሱም ከአንድ የአፋር ጐልማሳ መንገድ መሪ ጋር በስልክ አገናኘኝ። ስንት ቀን፥ ስንት ሊትር ውሃ፥ ስንት መኪና ብዬ ስጠይቀው ቈይቼ በመጨረሻ የአጎቴን ነገር ነገርሁት። ጥቂት ዝም ብሎ «አባባ፥ መቃብሩን አገኝልዎታለሁ ብዬ አልዋሽም፤ በዚያ መንገድ የድንጋይ ክምር ብዙ ነው። ነገሩን ግን በዳጉ እሰደዋለሁ» አለኝ። ዳጉ ማለት ሁለት አፋሮች በመንገድ ሲገናኙ ቆመው ያዩትንና የሰሙትን እውነት ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ የሚለዋወጡበት ሥርዐት ነው፤ ሰሚው ለሚቀጥለው ያደርሳል። የአጎቴ የጨው ድርሻ ከእጅ ወደ እጅ እንደ ወጣ፥ የእኔም ጥያቄ ከአፍ ወደ አፍ ወረደ። ከሁለት ወር በኋላ መልስ መጣ። የአጎቴን ስም የሚያውቅ አልተገኘም፤ አንድ ሽማግሌ ግን «ከደጋ ወርዶ በእኛ ዘንድ የቀረ ሁሉ እንግዳችን ነው፤ ወንድሙ ልጅ ካለ ይምጣ» ብለዋል። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ብዙ ተቀመጥሁ።

ያ ጐልማሳ አንድ ተግሣጽም ሰጥቶኛል። የዳሎል ወለል በአንዳንድ ስፍራ እንደ እንቍላል ቅርፊት ስስ ነው፤ ከሥሩ የሚፈላ ውሃ አለ። ስለዚህ እርሱ የረገጠበትን እንድረግጥ፥ ውብ ነገር አየሁ ብዬ ወደ ጐን እንዳልወጣ አስጠነቀቀኝ። ሰው ሁሉ መሪጌታ ሲለኝ ለኖርሁት በዚህ ዕድሜዬ ተመሪ መሆን ተገባኝ። አልከፋኝም። ተማሪ ቤት ሳለሁም የኔታ በረገጡበት ነው የረገጥሁት።

የቀረው የአሞሌው ነገር ነበር። ሐሳቤ አሞሌውን ይዤ ወርጄ ከተፈለጠበት ሜዳ ላይ ማኖር፥ እንዲህም አድርጌ የአባቴን ዐደራ መፈጸም ነበር። ይህን ያሰብሁት በልቤ ሠርቼ ነው፤ ቤት የሚመታ ቅኔ ይመስል ደስ ብሎኝ ነበር። አንድ ማታ ለባለቤቴ ነገርኋት። ረጅም ጊዜ አሞሌውን ተመለከተችና «ለጨው አገር ሰው ጨው ተሸክመው ይሄዳሉ?» አለችኝ። ቀጥላም «ጨውስ ከእጃቸው ወጥቶ ነው እኛ ዘንድ የመጣው፤ መመለስ አምጣው ላለ ሰው ነው። እነርሱ አምጡ አላሉም። ምስጋና ከሆነ የሚወስዱት፥ እነርሱ የማያበቅሉትን ይውሰዱ» አለች። በዚያ ሁሉ የመንገድ ሐሳብ ውስጥ ስለ ራሴ ቅኔ እንጂ ስለ ተቀባዩ ሰው አለማሰቤን ያን ጊዜ ዐወቅሁት። የኔታ ቢሰሙ ኖሮ ወደ ስፍራዬ በመለሱኝ ነበር።

እነሆ አሁን የተቈረጠው ነገር ይህ ነው። ታናሹ ልጃችን አብሮኝ ይወርዳል፤ ይህ የባለቤቴ ውል ነው። ሐኪሙ ያወጣው ደንብ በወረቀት ተጽፎ በልጄ ኪስ ይሆናል። ሽማግሌውን ካገኘሁ ስም ሳልጠይቅ፥ መቃብር አሳዩኝ ሳልል፥ አባቴ ሊለው ያልቻለውን አንድ ቃል፥ «እግዜር ይስጥልን» የሚለውን፥ እነግረዋለሁ። መንገዱ በጥር ካልተከፈተ፥ ወይም ጤናዬ እንቢ ካለ፥ ቃሉን ልጄ ያደርሳል፤ የአጎቴንም ታሪክ ለዚህ ብዬ ደጋግሜ ነግሬዋለሁ። አሞሌው ከመጻሕፍቴ አጠገብ ይቀመጣል፤ ክረምቱ ጨርሶ እስኪወስደው ድረስ ምስክርነቱን ይስጥ።

ይህን ስጽፍ ባለቤቴ በደጃፉ ተቀምጣ ሰፌድ ይዛለች። ጥምቀት ገና ሩቅ ነው፤ እርስዋ ግን ለዳሎል ሽማግሌ የሚሄደውን ቡና ከአሁኑ እየለቀመች ነው።