የፑድል ድቅል ለቤታችሁ ስትመርጡ

ልጆቻቸው «ውሻ ካልገዛችሁልን» እያሉ እንቅልፍ የነሷቸው ሀበሻ ወዳጆቻችን ደጋግመው ይደውሉልናል። የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ቤታችን ውስጥ ዳማ አለች፤ እናቷ ጎልደን ሪትሪቨር፣ አባቷ አነስተኛው ፑድል። ስሟን ያወጣችላት እናቴ ናት፣ የፀጉሯን ቀለም አይታ። የሚደውሉልን ሰዎች ልባቸው ያረፈው እንደ እሷ ባለው ላይ ነው፤ ጎልደንዱድል፣ ላብራዱድል፣ ኮካፑ፣ ካቫፑ ወይም ማልቲፑ። በስልክ የምነግራቸውን እነሆ በጽሑፍ።

1. «አለርጂ አያስነሳም» ለሚል ማስታወቂያ ገንዘብ አትክፈሉ

የላብራዱድል ታሪክ ራሱ ይህን ያስረዳል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ዋሊ ኮንሮን የተባለ አውስትራሊያዊ፣ ለዓይነ ስውራን መሪ ውሻ በሚያሠለጥን ድርጅት ውስጥ የእርባታ ኃላፊ ነበር። በሃዋይ የምትኖር አንዲት ዓይነ ስውር ሴት መሪ ውሻ ፈለገች፤ ባሏ ግን የውሻ ፀጉር አይስማማውም። ኮንሮን መጀመሪያ ፑድሎችን ሞከረ፤ ለመሪነት የሚበቃ አላገኘም። በኋላ ላብራዶርን ከፑድል አዳቀለና ሦስት ቡችሎች ተወለዱ። ፀጉራቸውና ምራቃቸው ወደ ሃዋይ ተልኮ ሲሞከር ለሰውዬው የተስማማው የአንዱ፣ የሱልጣን፣ ብቻ ሆነ። ከአንድ እናትና አባት፣ በአንድ ጊዜ ከተወለዱት ከሦስቱ አንዱ ማለት ነው! ዛሬ ሻጮች የሚያወሩት ስለ ሱልጣን ነው፤ አብረውት ስለተወለዱት ሁለቱ የሚያነሳ የለም። ኮንሮን ራሱ፣ የወላጆቹን ጤና ሳይመረምሩ ለገንዘብ ብቻ የሚያዳቅሉ ሰዎች ሲበዙ አይቶ፣ በጀመረው ነገር መጸጸቱን በአደባባይ ተናግሯል።

አለርጂ የሚቀሰቅሰው በውሻ ምራቅና በቆዳው ፎረፎር ውስጥ ያለ ፕሮቲን ነው። ፀጉር የማያራግፍ ውሻም ይልሳል፤ ፎረፎርም አለው። እ.ኤ.አ. በ2012 ከኔዘርላንድስ የወጣ ጥናት፣ ላብራዱድልና ፑድልን ጨምሮ «አለርጂ አያስነሱም» በሚባሉት ውሾች ፀጉር ላይ የሚገኘው የዚህ ፕሮቲን መጠን ከሌሎቹ እንደማያንስ አሳይቷል።

የእኛ ልጅ አስም አለበት። ስለዚህ ከሐኪሙ ጋር ከተመካከርን በኋላ ከዳማ ጋር ደጋግሞ እንዲገናኝ አደረግን። አቀፋት፣ ፊቱን ላሰችው፣ እኛም ማታ ማታ ትንፋሹን አዳመጥን። የጎረቤት ዱድል አልጎዳውም ማለት የእናንተዋ አትጎዳውም ማለት አይደለም። የሚፈተነው ዝርያው ሳይሆን ወደ ቤት ልትገባ ያለችው ውሻ ናት።

2. ከቡችላው በፊት የወላጆቹን ወረቀት እዩ

ልጆች ቡችላውን አንዴ ካቀፉ በኋላ «ሌላ እንፈልግ» ማለት አይቻልም። ስለዚህ ወረቀቱ ይቅደም።

«ዲቃላ ጤነኛ ነው» የሚል እምነት በሰፊው አለ። እ.ኤ.አ. በ2024 የለንደኑ ሮያል ቬተሪነሪ ኮሌጅ ከ9,000 በላይ ውሾችን ያካተተ ጥናት አውጥቶ ነበር። ኮካፑን፣ ላብራዱድልንና ካቫፑን ከወላጅ ዝርያዎቻቸው ጋር ሲያነጻጽር በአብዛኞቹ ሕመሞች ልዩነት አላገኘም። ምክንያቱን መረዳት አይከብድም። ለምሳሌ ዓይንን ቀስ በቀስ የሚያጠፋው የሬቲና በሽታ በፑድልም፣ በላብራዶርም፣ በኮከር ስፓንየልም ዘር ውስጥ አለ። ሁለቱም ወላጆች ያንኑ ጉድለት ከተሸከሙ መዳቀሉ ቡችላውን አያድነውም። የዘረመል ምርመራ ግን አስቀድሞ ይለየዋል፤ ውጤቱን አሳዩን በሉ። የዳሌ መገጣጠሚያ ራጅም ጠይቁ። በአሜሪካ ለዳሌ የመጨረሻው ምስክር ወረቀት የሚሰጠው ውሻው ሁለት ዓመት ከሞላው በኋላ ስለሆነ፣ የወላጆቹ ዕድሜ ብቻውን ብዙ ነገር ይነግራችኋል። ካቫፑ ለሚፈልግ ደግሞ ካቫሊየር ከተባለው ዝርያ የሆነው ወላጅ ልብ መመርመሩ ግዴታ ነው፤ የልብ ቫልቭ ሕመም በዚያ ዝርያ እጅግ የተለመደ ነው።

ሻጮች «ኤፍ 1»፣ «ኤፍ 1 ቢ» ሲሏችሁ ግራ አትጋቡ። የመጀመሪያው የሁለት ንጹሕ ዝርያዎች ልጅ ነው፤ ሁለተኛው ያ ልጅ እንደገና ከፑድል ጋር ተዳቅሎ የተወለደው። ፑድሉ ሲበዛ ፀጉሩ ይበልጥ ይጠቀለላል፣ ብዙውን ጊዜም መርገፉ ይቀንሳል፤ የጤና ማረጋገጫ ግን አይደለም።

3. ፀጉሩ የዕለት ሥራ ነው

ሰዎች እነዚህን ውሾች የሚመርጡት ቤቱ በፀጉር እንዳይሞላ ነው። የማይረግፈው ፀጉር ግን የትም አይሄድም፤ እዚያው ጥቅልሉ ውስጥ ይቀራል። የፑድል ፀጉር ሳያቋርጥ ያድጋል፤ የጎልደን ሪትሪቨር የውስጥ ፀጉር ደግሞ ይረግፋል። ሁለቱ አንድ ገላ ላይ ሲገናኙ የረገፈው በሚያድገው ተይዞ ይቋጠራል። ቋጠሮው ሲከር ቆዳን ይስባል፣ ያማል፣ ከሥሩ ቁስል ይደብቃል። በተለይ የቡችላው ፀጉር ወደ ትልቅ ውሻ ፀጉር በሚለወጥበት በመጀመሪያው ዓመት ላይ ሥራው ይበረታል።

የዳማን ፀጉር የማበጥረው እንደ ሴት ልጄ ፀጉር ነው፤ ሥሩን በእጄ ይዤ፣ ከጫፍ ጀምሬ፣ ክፍል በክፍል። ላይ ላዩን መቦረሽ አያዋጣም፤ የብረት ማበጠሪያ ቆዳው ድረስ ሳይያዝ ማለፍ አለበት። ከጆሮዋ ጀርባ፣ ብብቷ፣ የአንገት ማሰሪያዋ የሚያርፍበት፣ ጭራዋ ሥር፤ ቋጠሮ የሚጀምረው እነዚህ ቦታዎች ላይ ነው። ሳይበጠር አይታጠብም፤ ውሃ የነካው ቋጠሮ ይበልጥ ይጠብቃል። በየስድስት ሳምንቱ ገደማ ደግሞ ባለሙያ ዘንድ ትቆረጣለች፣ ወጪውም ቀላል አይደለም። ውሻ ከመግዛታችሁ በፊት በሠፈራችሁ ያለውን ዋጋ ጠይቁና በዓመት አስሉት።

ጆሮዋንም እናያለን። የተንጠለጠለና ውስጡ ፀጉር ያለው ጆሮ በእኛ ሠፈር የበጋ ወበቅ ቶሎ ይታመማል።

4. ለሥራ የተፈጠረ ውሻ ነው

ፑድል ለጌጥ የተፈጠረ ይመስላል። ነገር ግን ከውሃ ውስጥ የታደነ ወፍ የሚያመጣ የአዳኝ ውሻ ነበር፤ ሪትሪቨሮችም እንደዚሁ። ሁለቱ ሲዳቀሉ የሚወለደው ብልህና ጉልበተኛ ነው፤ ሥራ ካልሰጡት ሥራ ይፈጥራል። የአባትየው ዓይነትም ይጠየቅ፤ አነስተኛው ፑድል ትከሻው ድረስ ቢበዛ 38 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ትልቁ ከዚያ በላይ ነው፤ የቡችላው የወደፊት ቁመትም በዚያው ይለያያል።

እዚህ አገር ብዙዎቻችን ሁለት ሥራ እንሠራለን። እናትና አባት በተለያየ ፈረቃ ወጥተው፣ ልጆች ትምህርት ቤት ውለው፣ ውሻው ቀኑን ሙሉ ብቻውን የሚቀር ከሆነ፣ ይህ ውሻ ለዚያ ቤት አይሆንም። ይህን ስል የሚከፉብኝ ወዳጆች አሉ፤ ቢሆንም እላለሁ።

5. አያትን አስቀድማችሁ አነጋግሩ

እናቴ ከአዲስ አበባ ስትመጣ «ልጄ፣ ውሻ ወጉ ግቢ ነው» አለችኝ። ፍርሃቷ መሠረት አለው። እኛ አገር የእብድ ውሻ በሽታ ዛሬም ሰው ይገድላል፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ያየችውና የሰማችው ነው። «እማዬ፣ እዚህ ከውሻ ወደ ውሻ የሚተላለፈው ዓይነት እ.ኤ.አ. በ2007 መጥፋቱ ታውጇል፤ ያም ሆኖ የዱር አውሬ ስለሚይዘው ሕጉ ያስከትባል» ብዬ የዳማን የክትባት ወረቀት እያነበብኩ አስረዳኋት። ሜሪላንድ ውስጥ አራት ወር የሞላው ውሻ ሁሉ መከተብ አለበት።

የሃይማኖቱ ነገር ግን በወረቀት አይፈታም፣ መከበር ነው ያለበት። ሥዕለ አድኅኖ ያለበት የእናቴ ክፍል ዳማ የማትገባበት ሆነ፤ ደፉ ላይ አጭር የሕፃናት መከለያ በር ገጠምን። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ሲመጡም ልብሳቸውን እንዳትልስ ሌላ ክፍል ትቆያለች። ውሻዋም ቦታዋን በማወቋ ትረጋጋለች።

6. ዶሮ ወጥ

በዓል ሲመጣ ለእንግዶቻችን በር ላይ እንነግራለን፤ ለዳማ ከሳህን አይሰጥም። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳሉ፤ ዶሮ ወጥ ደግሞ ከሽንኩርት ነው የሚሠራው። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል። ወይንና ዘቢብ፣ ቸኮሌት፣ ስኳር አልባ ማስቲካም እንዲሁ አደጋ ናቸው።

7. የት እንደምታገኙት

በሜሪላንድ እ.ኤ.አ. ከ2020 መጀመሪያ ጀምሮ የቤት እንስሳት መደብሮች ቡችላ እንዳይሸጡ በሕግ ተከልክሏል፤ ጥሩ ሕግ ነው። ገበያው ግን ወደ ስልክና ኢንተርኔት ዞረ። ቡችላውን ከነእናቱ፣ በተወለደበት ቤት ካላሳዩአችሁ አትግዙ። መኪና ማቆሚያ ላይ እናስረክባችሁ ካሏችሁ እምቢ በሉ፤ ስምንት ሳምንት ያልሞላውንም አትቀበሉ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን መጠለያዎችን ጠይቁ። ፀጉሩና ጉልበቱ ከብዷቸው የሚመልሱ ሰዎች ስላሉ፣ ቡችላነቱን የጨረሰ የፑድል ድቅል እዚያ ይገኛል። ያደገ ውሻ ቁመቱም፣ ፀጉሩም፣ ጠባዩም የታወቀ ነው፤ አለርጂ ያለበት ልጅም አብሮት ተቀምጦ ሊሞክረው ይችላል። ጥሩ መጠለያም ሆነ ጥሩ አራቢ ስለ ሥራ ሰዓታችሁ፣ ስለ ልጆቻችሁ ዕድሜ፣ ስለ ግቢያችሁ አጥር አጥብቆ ይጠይቃችኋል። አንድም ነገር ሳይጠይቅ ገንዘብ የምትልኩበትን ቁጥር ብቻ ለሚሰጣችሁ ስልኩን ዝጉበት።